የባሕር ዳርቻ መንገድ ከዱር እንስሳት ጋር፦ ከአራቱ የትኛውን፣ በየትኛው ወር?

በባሕር ዳርቻ መንገድ መኪና እየነዳ የዱር እንስሳትን ለማየት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምርጫውን የሚጀምረው ከመልክዓ ምድሩ ነው። በፎቶግራፍ ያየው ድልድይ ወይም ከባሕር ውስጥ ብቅ ያለ የድንጋይ ዓምድ ልቡን ይስበዋል፤ ከዚያም የዕረፍት ጊዜው በሚፈቅድለት ወር ትኬት ይቆርጣል፤ እንስሳቱን ደግሞ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ ብሎ ያስባል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ገደሉና ድልድዩ ዓመቱን ሙሉ ካሉበት አይነቃነቁም፤ ዓሣ ነባሪው፣ አቆስጣውና አልባትሮስ የሚባለው ትልቅ የባሕር ወፍ ግን ለመውለድ፣ ለመመገብና ጸጉር ለመቀየር የሚመጡበትም የሚሄዱበትም የየራሳቸው ጊዜ አላቸው። ስለዚህ አራት መንገዶችን እዚህ የማነጻጽረው በውበታቸው አይደለም፤ አራቱም ውብ ናቸውና። የማነጻጽራቸው በየትኛው ወር ምን እንደሚታይባቸው፣ የሚታየውን ከየብስ ሆኖ ማየት ይቻል እንደሆነና ምን ያህል ቀን እንደሚጠይቁ በመመዘን ነው።

አራቱ መንገዶች በአሜሪካ የካሊፎርኒያው አውራ ጎዳና ቁጥር 1፣ በደቡብ አፍሪካ ከኬፕታውን ተነሥቶ ቀድሞ ፖርት ኤልሳቤጥ ትባል እስከነበረችው ግቤርሃ የሚዘልቀው ዳርቻ፣ በአውስትራሊያ ግሬት ኦሽን ሮድ፣ እንዲሁም የኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ ናቸው። ዓመታቱንና ወራቱን በሙሉ የጠቀስኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከካሊፎርኒያ በቀር ሦስቱ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ርቀው የሚገኙ በመሆናቸው ክረምታቸው ከጁን እስከ ኦገስት፣ በጋቸው ደግሞ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የሚወሰነው፦ ከየብስ ወይስ ከጀልባ?

ከወሩ ቀጥሎ የጉዞውን መልክ የሚወስነው ይህ ጥያቄ ነው፤ ብዙዎች ግን የሚያነሡት ከመነሻቸው ርቀው ከሄዱ በኋላ ነው። በጀልባ የሚታይ እንስሳ በአየሩ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው። ማዕበል ከተነሣ ጉዞው ይሰረዛል፤ ለማግስቱ ቦታ ካልተገኘ ወይም መንገደኛው በዚያው ቀን ሌላ ከተማ ማረፊያ ከያዘ ዕድሉ አለፈ ማለት ነው። ከየብስ የሚታይ እንስሳ በተቃራኒው ለመንገደኛው ጊዜ ይሰጠዋል፤ ጠዋት ያልታየው ከሰዓት በኋላ ሊታይ ይችላል፤ ሞተር ስለማይቀርበውም እንስሳው ኑሮውን ሳያቋርጥ ይታያል። የሁለተኛው ችግር ርቀት ስለሆነ ጥሩ የርቀት መነጽር መያዝ ግድ ነው፤ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ የሚያቀርብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሆነው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል።

በዚህ መለኪያ ካሊፎርኒያና ደቡብ አፍሪካ የየብስ መንገዶች ናቸው። ኒውዚላንድ ሁለቱንም ይጠይቃል። አውስትራሊያ ደግሞ በአብዛኛው የየብስ ቢሆንም፣ በዳርቻው ጥቅጥቅ ያለ ደን የሚታየው እንስሳ ከባሕሩ ይበልጣል።

የካሊፎርኒያው አውራ ጎዳና ቁጥር 1

ጀልባ ላይ ለሚያመው፣ ትንንሽ ልጆች ይዞ ለሚጓዝ፣ ወይም በርግጠኝነት አያለሁ ብሎ መሄድ ለሚፈልግ ሰው ከአራቱ የማስቀድመው ይህንን መንገድ ነው፤ በተለይም ከሞንተሬይ እስከ ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ያለውን 230 ኪሎ ሜትር ያህል ክፍል። የርግጠኝነቱ ምክንያት ከሳን ሲምዮን በስተ ሰሜን ፒየድራስ ብላንካስ በሚባለው ስፍራ የሚተኙት የዝሆን አቆስጣዎች ናቸው። ወንዱ እስከ 2,300 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በአፍንጫው ላይ የተንጠለጠለው ኩምቢ መሰል ሥጋ ሲጮኽ ድምፁን ያጎላለታል። እነዚህ እንስሳት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለዘይታቸው ሲሉ አዳኞች ሊያጠፏቸው ተቃርበው ነበር። ወደዚህ ዳርቻ መምጣት የጀመሩት በ1990 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ግልገል የተወለደው በ1992 ነው። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ይመጣሉ። መመልከቻው ከመንገዱ ዳር ነው፤ መግቢያ አይከፈልበትም፤ ከእንጨት የተሠራው መተላለፊያ ከአሸዋው ከፍ ያለ ስለሆነ ሰውም እንስሳውም ሳይጋፉ ይተያያሉ።

ወሩን በሚመለከት፣ ወንዶቹ ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ ደርሰው ለቦታ ይዋጋሉ፤ ሴቶቹ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ ይወልዳሉ፤ ዳርቻው በእጅጉ የሚጨናነቀው በጃንዋሪ መጨረሻ ነው። በኤፕሪልና በሜይ ሴቶቹና ወጣቶቹ አሮጌ ቆዳቸውንና ጸጉራቸውን ለመጣል ይመለሳሉ፤ ወንዶቹም በጁላይና በኦገስት ለዚሁ ጉዳይ ይመጣሉ። እንግዲህ ባዶ የሚሆንበት ወር የለም ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ በሚታየው ነገር ላይ ነው። ፍልሚያና ልደት የሚሻ ሰው ጃንዋሪን ይመርጣል፤ ጃንዋሪ ግን የዝናብ ወቅት ነው፤ የዚህ መንገድ ትልቁ ድክመትም የሚገለጠው በዝናብ ነው።

በ1937 የተከፈተው ይህ ጎዳና በቢግ ሰር በኩል የሚያልፈው ተራራው ቁልቁል ወደ ባሕር በሚወርድበት ልል መሬት ላይ ነው። የመሬት መንሸራተት ደጋግሞ ይዘጋዋል። በ2017 መድ ክሪክ በተባለው ቦታ የደረሰው ናዳ መንገዱን ከአንድ ዓመት በላይ ዘግቶት ነበር፤ በ2023ና በ2024ም ሌሎች ናዳዎች ተከትለዋል። መሐሉ ሲዘጋ ከሰሜን ወደ ደቡብ መሻገር የሚቻለው ወደ ውስጥ ተመልሶ በአውራ ጎዳና 101 ብቻ ነው፤ ይህም ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ በክረምት የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት ካልትራንስ የሚባለው የግዛቲቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን መረጃ ማየት ይኖርበታል። ጉዞውንም ቢዘጋም በማይበላሽበት መንገድ ያቅድ፤ አቆስጣዎቹን ከደቡብ በካምብሪያ በኩል፣ ሞንተሬይን ደግሞ ከሰሜን እንደ ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች አድርጎ ቢያስብ ናዳው ዋናውን ነገር አያሳጣውም።

በሞንተሬይ ወደብ፣ በሞስ ላንዲንግና በሞሮ ቤይ የባሕር ኦተር የሚባለው ጸጉራም አጥቢ እንስሳ በማንኛውም ወር ይታያል። ይህ እንስሳ እንደ ዓሣ ነባሪና አቆስጣ ከቆዳው ሥር ወፍራም ስብ የለውም፤ ከብርድ የሚከላከለው ከእንስሳት ሁሉ የላቀ ጥግግት ባለው ጸጉሩ ነው፤ ይኸው ጸጉሩ ለአዳኞች ዳረገው። በካሊፎርኒያ ጠፍቷል ተብሎ ከታሰበ በኋላ በ1938 በቢክስቢ ድልድይ አቅራቢያ አንድ አነስተኛ መንጋ መኖሩ ታወቀ፤ ዛሬ በዚህ ዳርቻ ያሉት ወደ 3,000 የሚጠጉት ከእነዚያ የተረፉት ዘሮች ናቸው። በጀርባው ተንሳፍፎ ደረቱ ላይ ባስቀመጠው ድንጋይ ቀንድ አውጣ ሲሰብር ለማየት የሚያስፈልገው ኬልፕ የሚባለው ረጅም የባሕር አረም በበዛበት ዳርቻ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ነው። ወደ ላይ ቀና ማለትንም መርሳት አይገባም፤ በ1987 በዓለም ላይ የቀሩት 27 ኮንዶሮች በሙሉ ተይዘው በሰው እጅ እንዲራቡ ከተደረገ በኋላ፣ ከ1997 ጀምሮ በቢግ ሰር ተለቀዋል። የክንፉ ስፋት 3 ሜትር የሚጠጋው ይህ ጥንብ አንሣ በገደሎቹ ላይ ሲያንዣብብ በክንፉ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር በመነጽር ማንበብ ይቻላል።

ከኬፕታውን እስከ ግቤርሃ

በዕድሜው አንድ እንዲህ ያለ ጉዞ ብቻ ማድረግ የሚችል ሰው ምክር ቢጠይቀኝ፣ ሳላመነታ የምመልስለት ደቡብ አፍሪካን በሴፕቴምበር ነው። የዓሣ ነባሪ፣ የፔንግዊን፣ የዝንጀሮና የዝሆን አገር በአንድ መንገድ ላይ ተከታትሎ የሚገኝበት ሌላ ዳርቻ አላውቅም።

ሳውዘርን ራይት የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ከአንታርክቲካ አካባቢ ባሕሮች ተነሥተው ለመውለድና ለመራባት ወደዚህ ዳርቻ የሚመጡት ከጁን እስከ ኖቬምበር ነው። ርዝመታቸው 15 ሜትር የሚደርሰው እነዚህ እንስሳት ጥልቀት በሌለው የተከለለ ውሃ መውለድን ስለሚመርጡ፣ ከኬፕታውን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በኸርማነስ በገደሉ አፋፍ በተሠራው የእግር መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው እናትና ግልገልን ከድንጋዮቹ ብዙም ሳይርቁ ያያቸዋል። ጁንና ጁላይ ገና መምጣት የሚጀምሩበት፣ ዝናቡም የሚበረታበት ጊዜ ነው። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ቁጥራቸው ይበዛል፤ በሴፕቴምበር አየሩም እየለዘበ ይመጣል። ኸርማነስ በዚህ ወቅት ሰው ይበዛባታል፤ ጸጥታ የሚሻ ሰው ተጨማሪ መንገድ ነድቶ ወደ ደ ሆፕ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ቢሄድ ይሻለዋል። እዚያ ከነጫጭ የአሸዋ ክምሮች ላይ ሆኖ ዓሣ ነባሪዎቹን ያያል፤ ከኋላው ባለው ሜዳ ደግሞ የኬፕ ተራራ የሜዳ አህያና የቆርኬ ዘመድ የሆነው ቦንቴቦክ ይግጣሉ። ወደ ጥብቅ ስፍራው የሚያስገባው መንገድ ጠጠር በመሆኑ ረጋ ብሎ መንዳት ይጠይቃል።

ፔንግዊኖቹን ለማየት ሁለት አማራጭ አለ። በሳይመንስ ታውን የሚገኘው ቦልደርስ በ1982 በሁለት ጥንድ ወፎች የተጀመረ ሰፈር ነው፤ ዝነኛ በመሆኑ ሕዝቡ ይጋፋበታል። በቤቲስ ቤይ ያለው ስቶኒ ፖይንት ግን በኸርማነስ መንገድ ላይ የሚገኝ፣ ጭንቅንቅ የሌለበትና ወፎቹም ከመተላለፊያው አጠገብ የሚታዩበት ስለሆነ፣ አንዱን ብቻ የሚመርጥ ሰው እርሱን ይምረጥ እላለሁ። የአፍሪካ ፔንግዊን በ2024 በከፋ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች መዝገብ ገብቷል፤ ዋናው ምክንያት የሚመገባቸው የሰርዲንና የአንቾቪ ዓሣዎች መመናመን ነው። ዛሬ በቀላሉ የሚታየው ወፍ ነገም እንደዚሁ ይታያል ብሎ ለሌላ ዓመት ማዘግየት በዚህ ረገድ ትክክል አይመስለኝም።

ከሞሰል ቤይ በኋላ ጋርደን ሩት የሚባለው ክፍል ይጀምራል። እዚህ ላይ መንገዱ ከባሕሩ ብዙ ጊዜ ስለሚርቅ፣ ዳርቻውን ሳያይ የሚያልፍ መንገደኛ ብዙ ነው። በፕሌተንበርግ ቤይ ሮበርግ በሚባለው ልሳነ ምድር ላይ ግማሽ ቀን በእግር መጓዝ ይህን ይክሳል፤ ከገደሉ ሥር የኬፕ አቆስጣዎች በብዛት ይኖራሉ። ጉዞው የሚያበቃው ከግቤርሃ አንድ ሰዓት ያህል በሚያስነዳው በአዶ የዝሆኖች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በ1931 ሲቋቋም በአካባቢው የቀሩት ዝሆኖች 11 ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ከ600 በላይ ሆነዋል። በራስ መኪና መግባት ይፈቀዳል፤ በመንገዱ ላይ የተተከሉት ምልክቶችም በዝሆን እበት ላይ እንዳይነዱ ያሳስባሉ፤ መብረር የማይችለው የአዶ እበት አንከባላይ ጥንዚዛ የሚኖረው በዚያ ውስጥ ነውና። አካባቢው ከወባ ነፃ መሆኑ ከልጆች ጋር ለሚሄዱ ትልቅ እፎይታ ነው።

የኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት

ትዕግሥት ላለውና ቢያንስ አሥር ቀን ማውጣት ለሚችል ሰው ይህ መንገድ ከሌሎቹ የማይገኙ እንስሳትን ያሳየዋል። ከፒክተን ወደ ደቡብ በመንግሥት አውራ ጎዳና 1 ሲነዱ መጀመሪያ የምትገኘው ካይኩራ ናት። እዚህ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ የባሕር ውስጥ ሸለቆ ስላለ፣ ስፐርም ዌል የሚባለው ጥርሳም ዓሣ ነባሪ ዓመቱን ሙሉ ለአደን ይመጣል። ሌላ ቦታ ለዚህ እንስሳ ሲባል ወደ ጥልቁ ባሕር መውጣት ያስፈልጋል። ነገር ግን የሚታየው ከጀልባ ወይም ከአነስተኛ አውሮፕላን ብቻ ነው፤ አየሩ ሲከፋ ጉዞው ስለሚሰረዝ በካይኩራ ሁለት ሌሊት ሳይያዝ መሄድ አይመከርም። በ2016 በኖቬምበር ወር የደረሰው መጠኑ 7.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ የባሕሩን ወለል በአንዳንድ ቦታ በሜትሮች ከፍ አድርጎ መንገዱን እስከ ዲሴምበር 2017 ዘግቶት ነበር። እንደገና ከተሠራው መንገድ ዳር፣ በኦሃው ፖይንት፣ የኒውዚላንድ አቆስጣዎች ዛሬም በድንጋዮቹ ላይ ተኝተው ይታያሉ።

በኦማሩ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ብቻ የሚመዝኑት ትንንሾቹ ሰማያዊ ፔንግዊኖች ከመሸ በኋላ በቡድን ሆነው ከባሕር ይወጣሉ። በዳኒዲን አቅራቢያ በታያሮዋ ሄድ ያለው ደግሞ የንጉሣዊ አልባትሮስ በሰው ልጆች በሚኖርበት ዋና ደሴት ላይ የሚራባበት ብቸኛ ስፍራ ነው፤ ክንፉ ሲዘረጋ 3 ሜትር ገደማ ይሆናል። ነፋስ የሌለበት ቀን ወፉ ተቀምጦ ስለሚውል፣ ሌላው መንገደኛ የሚሸሸው ነፋሻማ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ስፍራ ምርጡ ጊዜ ነው። ወፎቹ ጎጆ በሚሠሩበትና እንቁላል በሚጥሉበት ወቅት፣ ማለትም ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ገደማ፣ ዋናው መመልከቻ ይዘጋል። ስለዚህ ለደቡብ አፍሪካ ምርጥ የሆነው ወር ለዚህኛው መጥፎ ምርጫ ነው። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ይሻላሉ፤ በእነዚያው ወራት በካትሊንስ ዳርቻ፣ ፖርፖይዝ ቤይ ላይ፣ ከ1.5 ሜትር የማይበልጠው የሄክተር ዶልፊን ወደ ማዕበሉ መስበሪያ ተጠግቶ ይዋኛል። በአጠገቡ ባለው ኩሪዮ ቤይ ባሕሩ ሲሸሽ ከ170 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ፣ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ጫካ ጉቶና ግንድ ይገለጣል።

ግሬት ኦሽን ሮድ

ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ ላለው ሰው ይህ ነው ምርጫው። ከቶርኪ እስከ አለንስፎርድ 243 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ከ1919 እስከ 1932 የሞቱ ጓዶቻቸውን ለማሰብ የሠሩት መንገድ ነው። ኮዋላ በኬኔት ሪቨር አካባቢ ባሉ የባሕር ዛፎች ላይ በየትኛውም ወር ይታያል፤ በቀን እስከ 20 ሰዓት ስለሚተኛ የሚፈለገው በቅርንጫፎች መጋጠሚያ ላይ የተኮራመተ ግራጫ ነገር ነው። ዋርናምቡል ላይ ሎጋንስ ቢች በሚባለው መመልከቻ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ሳውዘርን ራይት ዓሣ ነባሪዎች ይመጣሉ፤ ቁጥራቸው ግን ከኸርማነስ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ አንድም ሳይታይ የሚያልፍ ቀን አለ። ለዓሣ ነባሪ ብሎ ብቻ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ሊያዝን ይችላል።

ብዙዎች ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት የተባሉትን የድንጋይ ዓምዶች አይተው ወደ ሜልቦርን ይመለሳሉ። እኔ ግን እስከ ታወር ሂል መቀጠልን አጥብቄ እመክራለሁ። በዚህ አሮጌ የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ኤሙ የሚባለው መብረር የማይችል ትልቅ ወፍ፣ ካንጋሮና ኮዋላ በአንድ ላይ ይኖራሉ። ቦታው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዛፉ ሁሉ ተመንጥሮ ራቁቱን ቀርቶ ነበር፤ መልሰው ሲተክሉት የቀድሞውን ደን መልክ ያወቁት በ1855 ከተሣለ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው።

ስለ አነዳድና ስለ ቀናት

በካሊፎርኒያ የሚነዳው በቀኝ ነው፤ ስለዚህ ከሞንተሬይ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው በባሕሩ በኩል ይሆናል፤ የመቆሚያ ቦታዎቹንም መንገድ ሳያቋርጥ ያገኛቸዋል። ሌሎቹ ሦስቱ በግራ የሚነዳባቸው ናቸው። በዚህ ምክንያት በአውስትራሊያ ከቶርኪ ወደ ምዕራብ፣ በኒውዚላንድ ከፒክተን ወደ ደቡብ መንዳት ይመረጣል፤ በደቡብ አፍሪካ ግን ከላይ በገለጽኩት ቅደም ተከተል በተቃራኒው፣ ከግቤርሃ ተነሥቶ ወደ ኬፕታውን መምጣት ይሻላል። ይህን የምለው ለምቾት ብቻ አይደለም፤ እንስሳ ያየ ሹፌር በድንገት ወደ ተቃራኒው ወገን ሲታጠፍ የሚደርሰው አደጋ ቀላል ስላልሆነ ነው።

የመንገዱን ርዝመት በካርታ ላይ ባለው ሰዓት መለካትም ያሳስታል። 230 ኪሎ ሜትሩ የካሊፎርኒያ መንገድ በአንድ ቀን ያልቃል፤ እንስሳ ለማየት ግን ሦስት ቀን ይፈልጋል። 750 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የደቡብ አፍሪካው ከስምንት ቀን ባነሰ ጊዜ ቢሞከር አንዱ ወገን መሠዋቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ጋርደን ሩትን በፍጥነት ማለፍ ይሻላል እንጂ ከደ ሆፕ ወይም ከአዶ ላይ ቀን መቀነስ አይገባም። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በዚህ ላይ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል፤ ካንጋሮ በንጋትና በምሽት መንገድ ያቋርጣል፤ በኦማሩና በሌሎች የፔንግዊን ሰፈሮች ዙሪያም ወፎቹ በሌሊት መንገድ ስለሚሻገሩ ከመሸ በኋላ በዝግታ መንዳት፣ ቆሞ የነበረ መኪና ከማንቀሳቀስ በፊትም ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

የርቀት ደንቦች

ደንቦቹ ከአገር አገር ይለያያሉ። በአሜሪካ በ1972 የወጣው የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ ማወክን ይከለክላል፤ ከአቆስጣና ከባሕር አንበሳ 45 ሜትር፣ ከዓሣ ነባሪ 90 ሜትር ያህል መራቅ ይመከራል። በኒውዚላንድ ከአቆስጣ ቢያንስ 20 ሜትር ነው። በደቡብ አፍሪካ ልዩ ፈቃድ የሌለው ጀልባ ከዓሣ ነባሪ 300 ሜትር መራቅ አለበት፤ ፈቃድ ያለው እስከ 50 ሜትር ሊቀርብ ይችላል፤ ስለሆነም ጀልባ ከመያዝ በፊት ፈቃዱን መጠየቅ የመንገደኛው መብት ነው። በኬፕ ባሕረ ገብ መሬት ደግሞ ደንቡ የመኪና መስኮትን መዝጋት ነው፤ ምግብ ያየ ዝንጀሮ በር ከፍቶ ይገባል፤ ሰው መመገቡን የለመደ ዝንጀሮም መጨረሻው ብዙ ጊዜ መገደል ነው።

በአራቱም መንገዶች ላይ መንገደኛን የሚያስጨንቀው በአሸዋ ላይ ብቻውን የተኛ ግልገል አቆስጣ ነው። በአብዛኛው የተጣለ አይደለም፤ እናቱ ለአደን ወጥታ ይሆናል፤ ሰው ከከበበው ግን ለመመለስ ትፈራለች። ውሃ ማፍሰስ፣ በጨርቅ መጠቅለል ወይም ወደ ባሕር መግፋት ይጎዳዋል። ቁስል ወይም ገመድ ከታየበት ቦታውን መዝግቦ፣ ከሩቅ ፎቶ አንሥቶ፣ ሰዎችንና ውሾችን ካራቁ በኋላ በአካባቢው ላለው የእንስሳት ጥበቃ ክፍል መደወል ተገቢ ነው፤ በኒውዚላንድ ዲፓርትመንት ኦፍ ኮንሰርቬሽን፣ በካሊፎርኒያ ሳውሳሊቶ የሚገኘው የባሕር አጥቢ እንስሳት ማዕከል እንዲህ ያለውን ጥሪ ይቀበላሉ። የሚደውሉበትን ቁጥር ከጉዞው በፊት በስልክ ላይ መያዝ ይጠቅማል፤ በቢግ ሰርም ሆነ በካትሊንስ ረጅም መንገድ ላይ ኢንተርኔት አይገኝም።